ስድስት ማይል በስድስት ማይል፦ የግሪን ታውንሺፕ ቦርድና የባትሪ ፋብሪካው ውል

ኖቬምበር 7 ቀን 2023 ማክሰኞ ማታ፣ በሚቺጋን ግዛት በሜኮስታ ካውንቲ የምትገኘው ግሪን ታውንሺፕ የድምፅ ቆጠራዋን ስትጨርስ፣ ለውሳኔ የቀረቡት አምስቱም ነባር የቦርድ አባላት ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ቦርዱ ሰባት መቀመጫ ያለው ሲሆን፣ ሁለቱ አባላት ከዚያ ቀደም ብለው በፈቃዳቸው ለቀዋል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ የአንዲት የገጠር አስተዳደር አመራር ቦርዱን ከሚመራው ሱፐርቫይዘር እስከ ተራ አባል ድረስ ሙሉ በሙሉ ተለወጠ ማለት ነው። የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ3,000 ብዙም የማይበልጠው ይህች አስተዳደር ለዚህ የበቃችው ነባሩ ቦርድ በደገፈው፣ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት የባትሪ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጉዳዩ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በቻይናና በአሜሪካ ፉክክር ላይ ነው። ፉክክሩ ሚና እንደነበረው አይካድም፤ ሆኖም ጉዳዩን በዚያ ብቻ የሚመለከት ሰው ዋናውን ነገር ይስታል ብዬ አምናለሁ። ዋናው ነገር ታውንሺፕ የሚባለው የአስተዳደር እርከን ራሱ ነው፤ ሥልጣኑ እጅግ ጠባብ የሆነ፣ በዚያች ጠባብ ሥልጣን ግን ግዛቱና ኩባንያው እንደ ተራ ፎርማሊቲ የቆጠሩትን ፊርማ ወደ እውነተኛ ውሳኔ መለወጥ የቻለ አካል ነው። ታውንሺፕን ቀበሌ ብሎ መተርጎም ቀላል ነበር፤ ግን ያሳስታል። ታውንሺፕ ከበላይ አካል መመሪያ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ቅርንጫፍ ሳይሆን፣ የራሱን ቦርድ የሚመርጥ፣ የራሱን ግብር የሚጥልና በራሱ ስም የሚከስና የሚከሰስ አካል ስለሆነ ስሙን እንዳለ መያዙ ይሻላል።

ታውንሺፕ በመሬት ላይ የተሠመረው ሰዎቹ ሳይመጡ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1785 ባወጣው የመሬት ድንጋጌ፣ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜንና በስተምዕራብ የሚገኘው ሰፊ ምድር ጎናቸው ስድስት ስድስት ማይል በሆኑ አራት ማዕዘኖች እንዲቆረስ ተወሰነ። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን እንደገና አንድ ካሬ ማይል፣ ማለትም 640 ኤከር ስፋት ወዳላቸው 36 ክፍልፋዮች ተከፈለ፤ ከእነዚህም 16ኛው ክፍልፋይ ለሕዝብ ትምህርት ቤት ማቆያ እንዲሆን ተለየ። ቀያሾቹ 66 ጫማ ርዝመት ያለው የብረት ሰንሰለት እየጎተቱ፣ 80 ሰንሰለት በሞላ ቁጥር አንድ ማይል እየቆጠሩ ጫካውንና ረግረጉን ሰንጥቀው አለፉ። የወንዝ መታጠፊያም ሆነ የኮረብታ ተረተር መስመሩን አላስቀየረውም።

ሚቺጋን ውስጥ ይህ ቅየሳ የሚነሣው ከሁለት መስመሮች ነው። አንደኛው ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወጣው የሚቺጋን ሜሪዲያን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው መነሻ መስመር ነው፤ ይህኛው ዛሬ ዲትሮይት ከተማን በሰሜን ከሚያዋስናት «ኤይት ማይል ሮድ» ጋር ይገጥማል። ግሪን ታውንሺፕ በቅየሳው ቋንቋ 16ኛ ረድፍ ወደ ሰሜን፣ 10ኛ ረድፍ ወደ ምዕራብ ናት። እያንዳንዱ ረድፍ ስድስት ማይል ስለሆነ፣ ደቡባዊ ጠርዟ ከመነሻ መስመሩ 90 ማይል ያህል፣ ምሥራቃዊ ጠርዟ ደግሞ ከሜሪዲያኑ 54 ማይል ያህል ይርቃል። ሜኮስታ ካውንቲ አራት በአራት የተደረደሩ 16 ታውንሺፖች አሉት፤ ግሪን የሰሜን ምዕራቡን ማዕዘን ይዛለች። በአካባቢው የሚነዳ ሰው ሒሳቡን ከመንገዶቹ ስም ያነበዋል፤ 19 ማይል ሮድ፣ 20 ማይል ሮድ፣ 21 ማይል ሮድ እያለ በየማይሉ ቀጥ ያለ መንገድ ያቋርጠዋል፤ ቁጥሩም የሚጀምረው ከካውንቲው ደቡባዊ ወሰን ነው።

ለዚህ ፍርግርግ የማይገዛው የመስኪገን ወንዝ ብቻ ነው። ወንዙ እየተጠማዘዘ ወደ ቢግ ራፒድስ ከተማ ይወርድና በመጨረሻ ሚቺጋን ሐይቅ ውስጥ ይገባል። የታውንሺፗ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ወንዝ ታሪክ ነው። ምድሩ የኦዳዋና የኦጂብዌ ሕዝቦች ነበር፤ በ1836 በዋሽንግተን በተፈረመው ስምምነት ሰፊው የሰሜን ምዕራብ ሚቺጋን ክፍል ለፌዴራል መንግሥት ተላለፈ፤ ካውንቲውም ስሙን ያገኘው ከፈራሚዎቹ አንዱ ከነበረው የፖታዋቶሚ አለቃ ከሜኮስታ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት እንጨት ቆራጮች ነበሩ። ነጭ ጥዱ በክረምት ይቆረጥና ግንዱ በበረዶ ላይ ተጎትቶ ወንዙ ዳር ይከመራል፤ የየባለቤቱ ምልክት በመዶሻ ጫፉ ላይ ይታተምበታል፤ በረዶው ሲቀልጥ በሙላቱ ተንሳፍፎ በወንዙ አፍ ወዳሉት የመስኪገን ከተማ መሰንጠቂያዎች ይወርዳል። ጥዱ ሲያልቅ ኩባንያዎቹ ሄዱ፤ ጉቶ የሞላበትና በብዙ ቦታ አሸዋማ የሆነው መሬት ለገበሬዎች ተቸበቸበ። ከውጭ የመጣ ካፒታል ሀብቱን ወስዶ የሚሄድበትን መንገድ ይህ አካባቢ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰማውም ማለት ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የደረሰው የግራንድ ራፒድስና ኢንዲያና ባቡር ሐዲድም ዛሬ ተነቅሎ፣ 92 ማይል ርዝመት ያለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

በታውንሺፗ ውስጥ ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት የሌላት ፓሪስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1881 የተከፈተ የግዛቱ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ነበረባት፤ ዛሬ ቦታው መናፈሻ ነው። መናፈሻው ውስጥ ከአሮጌ የአልጋ ብረት የተሠራ 20 ጫማ ያህል ቁመት ያለው የኤፍል ማማ ቆሟል። ጎብኚው ስቆ፣ ፎቶ አንሥቶ ያልፋል። ከአምስት ዓመት በፊት የሜኮስታን ስም ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ስለ ግሪን ታውንሺፕ ሊነገር የሚችለው ከዚህ ብዙም አይዘልም ነበር።

አሁን ወደ አስተዳደሩ። ሚቺጋን 83 ካውንቲዎችና 1,240 ታውንሺፖች አሏት። ሕግ በታውንሺፕ ላይ በግዴታ የጣላቸው ሥራዎች በመሠረቱ ሦስት ናቸው፦ የንብረት ግመታ፣ ግብር መሰብሰብ እና ምርጫ ማስፈጸም። የእሳት አደጋ አገልግሎት፣ የመቃብር ቦታ፣ የመሬት አጠቃቀም ደንብና መናፈሻ በአቅም የሚጨመሩ ናቸው። መንገድ እንኳ የታውንሺፕ ሥልጣን አይደለም፤ በ1931 የወጣ ሕግ የታውንሺፕ መንገዶችን ለካውንቲው የመንገድ ኮሚሽን አስተላልፏል። አንዳንድ ታውንሺፖች በ1947ቱ ሕግ መሠረት «ቻርተር ታውንሺፕ» ሆነዋል፤ ይህም በጥቂቱ ሰፋ ያለ ሥልጣንና አጎራባች ከተማ መሬታቸውን ቆርሶ እንዳይወስድ የተወሰነ መከላከያ ይሰጣቸዋል። ግሪን ከእነዚህ አንዷ ናት። ቦርዱ ሱፐርቫይዘር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና አራት ተጨማሪ አባላት አሉት፤ ሰባቱም በየአራት ዓመቱ፣ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ጋር በአንድ ቀን፣ በፓርቲ ስም ይመረጣሉ። ወጣት የገበሬ ልጅ ከጡረተኛ መምህር ጎን ተቀምጦ ሊመራው የሚችል፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ ቦርድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ልዩ ቦታ አለው። በ1976 የወጣው የሚቺጋን ግልጽ ስብሰባዎች ሕግ፣ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላ የቦርድ አባላት ቁጥር በሕዝብ ጉዳይ ላይ በዝግ እንዳይመክር ይከለክላል፤ ነዋሪም በስብሰባው ላይ ተነሥቶ የመናገር መብት አለው። ሰባት አባላት ባሉት ቦርድ አራት ሰዎች በአንድ የቡና ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ቦርዱ ሥራ ቢመክሩ ሕግ ጣሱ ማለት ነው። በአንጻሩ የትልልቅ ኢንቨስትመንት ድርድር ልማዱ ምስጢር ነው፤ ኩባንያው ስሙን ይደብቃል፣ ባለሥልጣናት የምስጢር ጠባቂነት ስምምነት ይፈርማሉ፣ ሕዝቡ የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የእነዚህ ሁለት ልማዶች ግጭት የጉዳዩ የመጀመሪያ ስንጥቅ ይመስለኛል።

በኦክቶበር 2022 መጀመሪያ ገዥዋ ግሬቸን ዊትመር፣ ጎሽን የተባለው ኩባንያ በቢግ ራፒድስ አካባቢ 2.36 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ የባትሪ ካቶድና አኖድ (የባትሪው ሁለት ዋልታዎች) ማምረቻ እንደሚያቆምና 2,350 ሰዎችን እንደሚቀጥር አስታወቁ። ጎሽን መሥሪያ ቤቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢሆንም፣ ወላጅ ኩባንያው የቻይናው ጎሽን ሃይ ቴክ ነው፤ በዚህ ወላጅ ኩባንያ ውስጥ ደግሞ የጀርመኑ ፎልክስዋገን ትልቅ ድርሻ አለው። ግዛቱ በምላሹ 175 ሚሊዮን ዶላር የማበረታቻ ገንዘብና ለ30 ዓመት የሚቆይ የግብር እፎይታ አቀረበ። ቦርዱ በዲሴምበር 2022 ፕሮጀክቱን የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፈ።

ከዚያ በኋላ የቦርዱ ስብሰባዎች መልካቸው ተለወጠ። ቀድሞ ጥቂት ሰው ብቻ ይገኝበት የነበረው አዳራሽ ሞላ፤ ተናጋሪዎች በተመደበላቸው ደቂቃ ውስጥ ከመስኪገን ወንዝ ብክለት እስከ ብሔራዊ ደኅንነት ያለውን ሁሉ አነሡ። ፋብሪካው በቀን ከ700,000 ጋሎን በላይ ውኃ ከቢግ ራፒድስ ከተማ እንደሚወስድ መታወቁ፣ በጓሮው ጉድጓድ ለሚጠጣ ገበሬ ቀላል ቁጥር አልነበረም። የወላጅ ኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ስለ ቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ የሚጠቅስ አንቀጽ ያለው መሆኑም ቁጣውን አባባሰው። የውጭ ኢንቨስትመንትን የሚመረምረው የፌዴራል ኮሚቴ በ2023 አጋማሽ የመሬት ግዢው በሥልጣኑ ሥር እንደማይወድቅ ሲገልጽ፣ ደጋፊዎች «ተመርምሮ አለፈ» አሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ «ማንም አልመረመረውም» አሉ። ከሁለቱ ለቃሉ የቀረበው የተቃዋሚዎቹ ንባብ ነው፤ ሥልጣን የለኝም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለምና።

ደጋፊዎቹም ያለ ምክንያት አልነበሩም። በአጎራባቿ ቢግ ራፒድስ ከ1884 ጀምሮ የቆመው ፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን ያስመርቃል፤ ተመራቂው ግን ሥራ ፍለጋ ወደ ግራንድ ራፒድስ ወይም ከግዛቱ ውጭ ይሄዳል። ከጥዱ ዘመን ወዲህ ይህን ያህል ደመወዝ ይከፍላል የተባለ ድርጅት ወደ አካባቢው መጥቶ አያውቅም። ከሥልጣን የወረዱት ሱፐርቫይዘር ጂም ቻፕማን ራሳቸው ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ፋብሪካውን የደገፉት ለአካባቢው ይጠቅማል ብለው እንጂ ለዴሞክራቷ ገዥ ብለው አልነበረም። ጉዳዩ በግዛቱም ምክር ቤት ቢሆን አጨቃጫቂ ነበር፤ ኤፕሪል 2023 ላይ የሴኔቱ የበጀት ድልድል ኮሚቴ ገንዘቡን ያጸደቀው 10 ለ9 በሆነ ድምፅ ነው። አንድ ድምፅ ቢጎድል ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

ተቃዋሚዎቹ ግዛቱን ማስቆም እንዳልቻሉ ሲያዩ ወደሚደርሱበት አካል፣ ወደ ታውንሺፑ ቦርድ ዞሩ። የሚቺጋን ሕግ የተመረጠን ሰው የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ ለማውረድ የሚያስችል ሥርዓት አለው፤ በ2012 የተሻሻለው ይህ ሥርዓት ቀላል አይደለም። በፊርማ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ምክንያት ግልጽና በፍሬ ነገር ላይ የተመሠረተ መሆኑን የካውንቲው የምርጫ ኮሚሽን አስቀድሞ ያጣራል። ከዚያ በኋላ በመጨረሻው የገዥ ምርጫ በዚያው አካባቢ ከተሰጠው ድምፅ 25 በመቶ የሚያህል ፊርማ መሰብሰብ አለበት። ይህ በሚሊዮን ሕዝብ ሲታሰብ የማይገፋ ተራራ ነው። በግሪን ግን ፊርማው የሚቆጠረው በመቶዎች ነው፤ ጥቂት ሰዎች ቅዳሜና እሑድ በየማይሉ መንገድ እየነዱ፣ የጎረቤታቸውን በር እያንኳኩ ሊጨርሱት ይችላሉ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ በሚተዋወቅበት አካባቢ በር ማንኳኳት ከማስታወቂያ ይበልጣል። የታውንሺፑ ትንሽነት ለኩባንያው ድርድር የሚቀል መስሎ ከታየ፣ ለተቃዋሚዎቹም ያንኑ ያህል ቀሏቸዋል።

ከ2012 ወዲህ ሥርዓቱ ሌላም ነገር ጨምሯል፤ ድምፅ ሰጪው «ይውረድ ወይስ ይቆይ» ተብሎ ብቻ አይጠየቅም፤ ነባሩ ባለሥልጣን ከተፎካካሪ ጋር ቀርቦ ይመረጣል ወይም ይሸነፋል። በኖቬምበሩ ምርጫ አምስቱ ሪፐብሊካን ነባር አባላት በፓርቲ ስም ባልቀረቡ ተፎካካሪዎች ተተኩ። ሱፐርቫይዘር የሆኑት ጄሰን ክሩዝ ናቸው። በዚያች ካውንቲ የሪፐብሊካን ፓርቲ ስም ብዙውን ጊዜ ለማሸነፍ ይበቃ ነበር፤ በዚያ ቀን አልበቃም።

አዲሱ ቦርድ ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ የድጋፍ ውሳኔውንና ውኃ ከቢግ ራፒድስ እስከ ፋብሪካው ቦታ ለማድረስ የተሰጠውን ይሁንታ ሻረ። የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል የሚጀምረው ግን እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ከምርጫው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2023፣ ነባሩ አመራር ከኩባንያው ጋር የልማት ስምምነት ፈርሞ ነበር። ስምምነቱ ታውንሺፑ ፈቃዶችንና መሠረተ ልማትን በተመለከተ ከኩባንያው ጋር እንዲተባበር ያስገድዳል። ኩባንያው በዚያው ሰሞን 270 ኤከር ያህል መሬት ገዝቷል። የፊርማ ማሰባሰቡ እየተካሄደ፣ የቦርዱ ዕድሜ በግልጽ እየተቆጠረ ሳለ እንዲህ ያለ ውል መፈረሙ ሕጋዊ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ትልቁ ስሕተት እሱ ነበር። ሊሄድ የተነሣ ቦርድ የሚመጣውን ቦርድ እጅ አሰረ፤ በዚህም ለሕዝቡ ቁጣ ሌላ ምክንያት ጨመረ እንጂ ፕሮጀክቱን አላዳነም።

ማርች 2024 ላይ ጎሽን ታውንሺፑን ውል በማፍረስ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በሜይ ወር ዳኛ ጄን ቤከሪንግ ኩባንያው በክርክሩ ሊረታ የሚችልበት ዕድል እንዳለ በማመን፣ ታውንሺፑ ስምምነቱን እንዲያከብር የሚያዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጡ። ድምፅ መስጫው ሰዎቹን አንሥቷል፤ በሰዎቹ እጅ የተፈረመውን ውል ግን አላነሣውም፤ ውሉ የቻፕማን ወይም የክሩዝ ሳይሆን የታውንሺፑ ነውና። ይህ የሕግ መርሕ ለብዙ ድምፅ ሰጪ የሚመር ነው፤ ያለ እርሱ ግን ከየትኛውም ትንሽ አስተዳደር ጋር ማንም ውል አይገባም ነበር። ታውንሺፑ ይግባኝ አለ። 

በኦገስት 2024 ጉዳዩ ከታውንሺፑ አቅም በላይ ሆነ። በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ዘመቻ ዶናልድ ትራምፕ ፋብሪካውን በይፋ ተቃወሙ፤ ምክትላቸው ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩት ጄ. ዲ. ቫንስ ደግሞ ወደ ቢግ ራፒድስ አካባቢ መጥተው በዚሁ ጉዳይ ንግግር አደረጉ። ከሁለት ዓመት በፊት በየወሩ በአንድ አዳራሽ ስለ መቃብር ሣር ማጨድ ይመክር የነበረ አስተዳደር የአገር አቀፍ ክርክር ምሳሌ ሆነ።

የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ለኩባንያው ወረቀት ሰጠው እንጂ ፋብሪካ አልሰጠውም። ግንባታው አልተጀመረም። በ2025 መኸር ግዛቱ ኩባንያው ለረጅም ጊዜ ምንም ሥራ አለማከናወኑን ጠቅሶ ግዴታውን እንዳልተወጣና ፕሮጀክቱን እንደተወው አሳወቀ፤ ለመሬት ግዢ የወጣው የማበረታቻ ገንዘብም እንዲመለስ ጠየቀ። ኩባንያው በበኩሉ ሥራውን ያቆመው ከታውንሺፑ ጋር ያለው ክርክር ነው የሚል መከራከሪያ ነበረው። ገንዘቡን የሰጠው ግዛቱ ስለሆነ ጥያቄውም በግዛቱና በኩባንያው መካከል ቀረ፤ በስሟ ፈርማ፣ በስሟ ሽራና በስሟ የተከሰሰችው ግሪን ታውንሺፕ በዚያ ሒሳብ ውስጥ ሰጪም ተቀባይም አይደለችም።